ማቆሚያ አርባ አንድ

ጳጉሜ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሰመራ ከተማን ሙሉ የሚሸፍነው ጣሪያ እንደ ልማዱ ተከፍቶ አምስት ደቂቃ አናፈሰና ተመልሶ ተዘጋ። ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ትርሲት ብቻ ቀና አለች፤ እሷም ጣሪያው ናፍቋት ሳይሆን ፊት ለፊቷ የቆመው ቀማሪ ለሦስተኛ ጊዜ ስላበሸቃት ነው።

ቀማሪ የሚባለው በባቡር ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ የቆመ፣ ቁመቱ ከሰው ደረት የማያልፍ፣ ጉዞ የሚነድፍ መሣሪያ ነው። ተጓዡ እጀታውን ይጨብጥና ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ይናገራል። ቀማሪው አፉ የሚለውን በአንድ ጆሮ፣ የልቡን ትርታ በሌላ ጆሮ ይሰማል። ሁለቱ ከተስማሙ አረንጓዴ ያበራል፤ ካልተስማሙ ቀይ። አፍና ልብ ከተጣሉ ደግሞ የሚያምነው ልብን ነው። በዚህ የተነሳ በሰመራ ከሚስቱ ጋር ቆሞ እጀታውን በደስታ የሚጨብጥ ባል የለም ይባላል።

የትርሲት፣ የአባቷና የአክስቷ ጉዳይ ቀላል ነበር። ዛሬ ማታ ኮምቦልቻ ገብተው ሦስት ሌሊት ያድራሉ፤ በየማለዳው በባቡር ወጥተው አገር አይተው ይመለሳሉ። በቃ። ድሮ ሰው ይህን በጣቱ ቆጥሮ ይጨርሰው ነበር።

ለትርሲት ግን ቀላል አልነበረም። መስከረም ሁለት ቀን ጨረቃ ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ለአራት ዓመት። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ በአራስነቷ ስትሞት ያሳደገቻት የአባቷ ታላቅ እህት ወርቅያንሷል ናት፤ ትርሲት እታለም ነው የምትላት። እታለም ሰባ አራት ሞልቷታል። ሰባ አራት ላይ አራት ሲጨመር ስንት እንደሚሆን ትርሲት አልጠፋትም፤ ግን አንድም ቀን ደምራው አታውቅም። አብረው የሚጓዙባቸው የቀሩት እነዚህ ሦስት ቀናት ናቸው። የጳጉሜ የባቡር ወንበር ለአንድ ቤተሰብ በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚደርሰው፤ ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ጉዞው ካልጸደቀ ደግሞ ወንበሩ ለተረኛው ያልፋል።

መጀመሪያ የጨበጠችው እታለም ነበረች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጀታውን እንደ ትኩስ ብርጭቆ በሁለት ጣቷ ነካ አድርጋ፣ ሐይቅ ከተማ ይሁን፣ ልጅቷ ውሃ ትወዳለች አለች። ቀይ በራ። ትርሲት ቀጠለች፤ እታለም ሐይቅ ካለች ሐይቅ ነው፣ ምን ክርክር አለው። ቀይ። አባቷ ሞላልኝ ደግሞ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ እንደሚለው «ያው እንደተባለው» አለ። ቀዩ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

ከዚያ ቀማሪው ወረቀት ተፋ።

«ማደሪያ፦ ኮምቦልቻ፣ ሦስት ሌሊት። ቀን አንድ፦ ሞላልኝ እንዳለው። ቀን ሁለት፦ ወርቅያንሷል እንዳለችው። ቀን ሦስት፦ ትርሲት እንዳለችው። ወዴት፦ አልተገኘም።»

ትርሲት ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ጀርባው ባዶ ነው። ሦስት ሰው በአንድ አፍ ሐይቅ እያለ «አልተገኘም» ማለት ምን ማለት ነው? ሐይቁ ደርቆ ይሆን? ደግመው ሞከሩ፤ ያው። ቦታ ተቀያይረው ሞከሩ፤ ያው። እታለም እጇ ቆሽሾ እንደሆነ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ሞከረች፤ ያው።

«ተዪው ልጄ» አለች እታለም፤ «የኔ እጅ ነው ያበላሸው። እናንተ ሁለታችሁ ሂዱ፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ።»

«ቤቱ የት ሊሄድብሽ ነው የምትጠብቂው?» አለች ትርሲት፤ ባለሙያ ለመጥራትም ሄደች።

ባለሙያዋ መዲና የምትባል የአፋር ልጅ ናት፤ መፍቻዋን ሹሩባዋ ውስጥ ሰክታ ነው የምትዞረው። የቀማሪውን ክዳን ከፈተች፣ አየች፣ አሸተተችም። ከዚያ ዘጋችው።

«አልተበላሸም» አለች።

ትርሲት ይብስ ግራ ገባት። መዲና ስትነካው የቀማሪው መስተዋት ላይ ሥዕል መጣ። ከታች ተራራው፣ ዋሻው፣ ሐይቁ ተዘርግቷል። ከላይ ሦስት ነጥቦች ተንሳፍፈዋል፤ ከየነጥቡ ክር ይወጣል። አንድም ክር ግን ወደ ታች አልወረደም። የእታለም ክር ትርሲት ላይ ታስሯል፤ የትርሲት እታለም ላይ። የሞላልኝ ክር ለሁለት ተሰንጥቆ ሁለቱም ላይ ተጠምጥሟል። ነገሩ እንዳለ አየር ላይ ተቋጥሮ ይሽከረከራል።

መዲና ነገሩን አስረዳቻት። ቀማሪውን የሠሩት ሰዎች፣ ሰው ምን ትፈልጋለህ ሲባል ስለ ራሱ ይመልሳል ብለው ነው የሠሩት። ዓመቱን ሙሉ ነጋዴውም ሹሙም ብቻውን መጥቶ ሲጨብጠው ደህና ነው። ጳጉሜ ገብታ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲመጣ ግን እንዲህ ይሆናል። ሁሉም አንቺ እንዳልሽ፣ አንተ እንዳልክ ይባባላል፤ ማሽኑ ሲዞር ይውላል።

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«ለብቻ መግቢያ አለ። እያንዳንዳችሁ በር ዘግታችሁ ‹እኔ› ብላችሁ ትናገራላችሁ። የሌላ ሰው ስም መጥራት የለም። ፍጠኑ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው የቀራችሁ።»

ሞላልኝ ገባ፤ በሁለት ደቂቃ ወጣ። ፊቱ ጠባብ ጫማ ያወለቀ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

ትርሲት ገባች። ክፍሏ ቁም ሳጥን ታክላለች። እጀታውን ጨበጠችና «እኔ ወልድያ» አለች፤ ድምፅዋን ራሷ አላወቀችውም። «በመስተዋት ፉርጎ ዋሻዎቹን ማለፍ ነው የምፈልገው። ውሃ ደግሞ እፈራለሁ። ለማንም እንዳትናገር።» አረንጓዴ በራ። እታለም ልጅቷ ውሃ ትወዳለች የምትለው ከየት አምጥታ እንደሆነ እያሰበች ወጣች። ትዝ ሲላት በአምስት ዓመቷ እታለም ውሃ ዳር መቀመጥ ትወዳለች ብላ፣ እሷን ለማስደሰት ኩሬ ውስጥ ገብታ ነበር። ለካ ያን ጊዜም እንዲህ ሲሽከረከሩ ነበር።

እታለምን ማስገባት ግን ጭንቅ ሆነ። ሰው ምን ይለኛል አለች። በዚህ ዕድሜዬ ሳጥን ውስጥ ገብቼ እኔ እኔ ልበል? አለች። ትርሲት ከኋላ እየገፋች፣ ሞላልኝ ከፊት እየለመነ አስገቧት። በሩ ተዘጋ።

በበሩ ሥር ግን ምንም ብርሃን አልታየም። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ትርሲት ነውር መሆኑን እያወቀች ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«እታለም፣ ተኝተሻል እንዴ?»

«ምን እንደምለው ጠፋኝ።»

«የምትፈልጊውን ነዋ።»

«ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አለች እታለም፤ ቅሬታ ሳይሆን የምሯን ለማስታወስ እንደምትሞክር ሰው።

ትርሲት አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እራት ምን ልሥራልሽ ስትባል ኖራለች። አንቺስ ምን ትበያለሽ ብላ ጠይቃ እንደሆነ አሰበች፤ ጠይቃ ይሆናል፤ መልሱ ግን «አንቺ የምትበይውን» ነበር፤ እሷም አምናት በላች።

«እኔ ልጠይቅሽ» አለች ቀስ ብላ።

እታለም ተናገረች። ከሐይቅ ከተማ መለስ ብሎ ባቡር ከባቡር የሚተላለፍበት፣ ማቆሚያ አርባ አንድ የሚሉት ስፍራ አለ። ሰው አይወርድበትም። እሷ የተወለደችው ከእሱ በላይ ካለው መንደር ነው። ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ጠበል ነው ተብሎ ልጆች ሁሉ ልብሳቸውን ጥለው ይወጡ ነበር። ሰመራ ጣሪያ ሥር ከገባች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናት። እዚህ ዝናብ ቢመጣም በቧንቧ ተሰብስቦ ይወርዳል እንጂ ሰው አይነካም።

«ከነገ ወዲያ ሩፋኤል ነው» አለች። «እኔ... እኔ ዝናብ ይምታኝ።»

በበሩ ሥር አረንጓዴ ብርሃን ፈሰሰ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ቀማሪው ሦስት ትኬት አወጣ። ሦስቱም ላይ «አፍና ልብ፦ መቶ በመቶ» የሚል አለ፤ መዲና በደስታ አጨበጨበች። ትርሲት አነበበች። ትርሲት፦ ወደ ሰሜን፣ ወልድያ፣ ሦስት ቀን። ወርቅያንሷል፦ ማቆሚያ አርባ አንድ፣ ሦስት ቀን። ሞላልኝ፦ ወደ ደቡብ፣ በዝግታ የሚሄደው የአዋሽ ባቡር፣ መስኮት ዳር፣ እንቅልፍ፣ ማንም ሳይቀሰቅሰው፣ ሦስት ቀን።



«ይኸው» አለች እታለም በመጨረሻ፣ ትኬቷን አራት ቦታ እያጠፈች። «ሁሉም የወደደውን አገኘ።»

እውነቷን ነው። ሁሉም የወደደውን አግኝቷል፤ ልብ ተሰምቷል፤ ማሽኑም አልዋሸም። ታዲያ ሦስቱንም ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው ምን አንገት አስደፋቸው? ሲዋሹ መንገድ ጠፋ፤ እውነቱን ሲናገሩ ሰዎቹ ጠፉ።

መጀመሪያ የወጣውን ወረቀት ከኪሷ አወጣች። ቀን አንድ፣ ሞላልኝ እንዳለው። ቀን ሁለት፣ ወርቅያንሷል እንዳለችው። ቀን ሦስት፣ ትርሲት እንዳለችው። ቀን ሁለት ጳጉሜ ሦስት ነው፤ ሩፋኤል። ወረቀቱ ከመጀመሪያውም ልክ ነበር። የጎደለው «ወዴት» ብቻ ነው።

ሄዳ የአዳራሹን እጀታ ጨበጠች።

«ቀን አንድ ሦስታችንም አዋሽ እንሄዳለን፤ አባዬ ይተኛል፣ እኛ ዝንብ እንከለክልለታለን። ቀን ሁለት ሦስታችንም ማቆሚያ አርባ አንድ። ቀን ሦስት ወልድያ።»

ቀይ እንደሚበራ እርግጠኛ ነበረች። ቅድም በሩን ዘግታ የተናገረችው ሌላ ነው፤ ሲያንኮራፋ የሚውል አባት ማየት ማን ይመኛል? አረንጓዴ በራ። ሞላልኝ እጁን በእጇ ላይ ጣለ፤ አረንጓዴው አልጠፋም። እታለም ግን እኔን ተዉኝ፣ ልጆቹ ይደክማሉ እያለች ወደ ኋላ ስትል ትርሲት እጇን ጎትታ አስደረበቻት። አረንጓዴ።

ከዚያ ቀማሪው፣ መዲና እንኳ ሲጠይቅ አይታው የማታውቀውን ጥያቄ መስተዋቱ ላይ ጻፈ። «የዚህ ፍላጎት ባለቤት ማነው?»

ትርሲት አባቷን አየች፣ እታለምን አየች።

«አላውቅም» አለች።

አረንጓዴ። አንድ ትኬት ወጣ፤ ከሥሩ «ባለቤቱ አልተለየም» ይላል። ስድስት ሰዓት ተደወለ።

ጳጉሜ ሦስት ቀን ባቡሩ ማቆሚያ አርባ አንድ ላይ ሲያወርዳቸው ከድንጋይና ከሣር በቀር ምንም አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ሰማዩ ተከፈተ። ትርሲት ከሰማይ የሚወርድ ውሃ ሲነካት የመጀመሪያዋ ነው፤ ትከሻዋን ሰብስባ ቆመች።

«ማነው የሚዘጋው?» አለች።

«የከፈተው» አለች እታለም። ነጠላዋን ለሞላልኝ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ፣ በባዶ እግሯ ሣሩ ላይ ቆማለች። ውሃው በሽበቷ ይወርዳል። ብዙ ቆየች። ከዚያ ዞር ብላ፣ «እኔስ ቤቴ በቃኝ ብዬ ነበር፤ ለዚች ልጅ ስል ነው እንጂ» አለች። እጀታ በአካባቢው ስላልነበረ ማንም አልመሰከረባትም።

መስከረም ሁለት ቀን ትርሲት ሻንጣዋን እየጎተተች አዳራሹ ደረሰች። ወደ ጨረቃው መንኮራኩር መወንጨፊያ የሚሄደው ባቡር ተጓዡን ብቻ ነው የሚጭነው፤ ሸኚ ከአዳራሹ የመስተዋት ግድግዳ ወዲያ ይቀራል። ሞላልኝና እታለም ከመስተዋቱ ወዲያ ናቸው። እታለም ነጠላዋን ታውለበልባለች።

ትርሲት እጀታውን ጨበጠች። ቀማሪው እንደ ድሮው «ወዴት?» አላለም። መዲና እንደነገረቻት፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም ሳይነካው የመጀመሪያ ጥያቄውን ራሱ ቀይሯል።

«ከማን ጋር?» አላት።

«ለብቻዬ።»

ቀይ።

«ለብቻዬ ነው እኮ፣ አታይም?»

ቀይ።

ትርሲት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ መዲና ዞረች። «እህቴ፣ ይኼ ማሽንሽ ተበላሽቷል።»

መዲና መፍቻዋን ከሹሩባዋ አላወጣችም። ክዳኑንም አልከፈተች።

«አልተበላሸም» አለቻት።