በድልድዩ ሳንቲም ላይ የቀረው አሻራ

«ትንፋሽሽ እንዳያርፍበት ፈቀቅ በይ፣ የኔ ልጅ» አሉ ሳንቲም ነጋዴው። ነጭ ጓንት አጥልቀው ሳንቲሙን በጠርዙ ያዙና ከመብራቱ ሥር በአጉሊ መነጽር ያገላብጡት ጀመር።

ድንቡሼ ፈቀቅ አለች። አሥራ አራት ዓመት ቢሞላትም፣ ስሙን ያወጡላት አያቷ ከሞቱ በኋላ እንኳ ቤተሰቡ ሌላ ስም አልለመደላትም። ሳንቲሙም የእሳቸው ነበር፤ በብረት በያጅነት የሠሩበት ትልቁ ድልድይ ሲመረቅ ለመታሰቢያ የተሰጣቸው። እናቷ የእኚሁን የአባቷን ክፍል ስታጸዳ አግኝታው ልትሸጠው አመጣችው።

«እንዲህ ያለው የዘመኑ ሳንቲም በብዛት ስለሚቀረጽ፣ ዋጋ የሚያወጣው እንከን የለሹ ብቻ ነው» አሉ ነጋዴው። «ደረጃው እስከ ሰባ ይሄዳል። ይኼ ስልሳ ሦስት ካገኘ ዕድለኛ ነው። በጨርቅ ተወልውሏል፤ አሻራም አለበት።»

እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። «አባዬ በገዛ እጁ አበላሸው። ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ መሰለዎት!»

የድንቡሼ ጆሮ ጋለ። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። አያቷ ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው ሳጥኑን ከመሳቢያ አውጥታ ከፈተች። ሳንቲሙ እንደ መስታወት ፊቷን አሳያት። በላዩ የተቀረጸውን ድልድይ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። አያቷ ነቁ፤ ግን አልጮኹባትም። በሸሚዛቸው ጫፍ እሽት እሽት አደረጉት፤ ጭራሽ ባሰበት። እናቷ ስትገባ «እኔ ነኝ፣ አቧራ ላነሳለት ብዬ» አሉና ለድንቡሼ ጠቀስ አደረጓት። የዚያ ሸሚዝ የሳሙና ሽታ አሁን ውል አላት።

«የሚገርመው» አሉ ነጋዴው፣ «አሻራው ትንሽዬ ነው። አባትዎ እጃቸው ትንሽ ነበር እንዴ?»

«የአባዬ? አካፋ ነበር እንጂ!» እናቷ ትከሻዋን ሰበቀች። «እኔ እንጃ፤ ሲያረጅ ሟሽሾ ይሆናል።»

ድንቡሼ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። የሞተ ሰው አይከራከርም።

ድንቡሼ አጉሊ መነጽሩን ከነጋዴው ተቀብላ ለእናቷ ሰጠቻት። «እማ፣ እስቲ እይው። አባባ አይደለም። እኔ ነኝ።»

እናቷ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ስንት ዓመት ስነዘንዘው... አንድ ቀን እንኳ ስምሽን አላነሳም እኮ!»

«ታዲያ ልግዛው?» አሉ ነጋዴው።

«አንዴ ይቆዩኝ» አለች እናቷ፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «መጀመሪያ ይቺ ትንገረኝ።»

ድንቡሼ አጠገቧ ተቀመጠች። ጥቅሻውንም ሳታስቀር ልትነግራት ቆረጠች።

«አባባ ተኝቶ ነበር» ብላ ጀመረች።