የደግሰው የኋላ መስኮት

የደን ጠባቂው የደግሰው ሬሳ ገና ከአልጋው ሳይነሳ፣ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ በዛብህ ገዳዩን አግኝቶ ጨርሶ ነበር። ኢንስፔክተር ዝናሽ ከሰቆጣ ደርሳ ከመኪና ከመውረዷ ሁለት ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ አቀበላት። በሃያ ዓመት ሥራዋ ማኅተም የበዛበት ወረቀት እውነት ይዞ አላየችም፤ ቢሆንም አነበበችው።

በተከለለው ተራራ ላይ የተነሳው እሳት አራት ቀን አልፎት ጭሱ መንደሩን ሸፍኖታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰላማዊት ቤት ለቤት እየዞረች፣ ሕፃንና አስም ያለበት ሰው በተዘጋ ክፍል እንዲቆይ፣ የመስኮቱና የበሩ ክፍተት በእርጥብ ጨርቅ እንዲወተፍ፣ ውስጡ ግን ምንም እሳት እንዳይነድ አስተምራለች። አስመኛው ደግሰው እሳት ሲያጠፋ ሰንብቶ ትናንት ጧት ደረቱ ሲታፈን እንዲህ ባለ ክፍል ተኛ። ከሰዓት በኋላ ሞቶ ተገኘ። ስለዚህ፣ ይላል ቃለ ጉባኤው፣ የገደለው የልጅቷ ምክር ነውና ከሥራ ትባረር፣ ትታሰርም።

«አንተ በእነዚህ አራት ቀናት ምን ሠራህ?» አለችው ዝናሽ።

«ሪፖርት አዘጋጀሁ።»

«ጎበዝ።»

ምስኪን፣ ምስጋና መስሎት ፈገግ አለ።

ሰላማዊት ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ትናንት በየቤታቸው ሲያስገቧት የነበሩ ሴቶች ዛሬ ሰላም ሳይሏት ያልፋሉ። ዝናሽ፣ ቃለ ጉባኤው በእበት ተለስኖ ተገኘ ስላለው የሟች ክፍል መስኮት ስትጠይቃት፣ እርጥብ ጨርቅ እንጂ እበት እንዳላዘዘች፣ ማን እንደለሰነውም እንደማታውቅ ነገረቻት።

የሟች ሚስት ጥሩአየሁ ለእሳት አጥፊዎቹ ውኃ ስታደርስ ውላ የተመለሰችው ከጎረቤታቸው ከሙሉሰው ጋር ነው።

«በበሩ ስር የተወተፈው ጆንያ በየት በኩል ነበር?»

«በደጅ በኩል። እኔ ነኝ ያነሳሁት። አያ ሙሉሰው ጭሱ እንዳይጎዳሽ ብሎ ቀድሞኝ ብቻውን ገባ።»

«ባልሽ ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከማንም። እሁድ በጉባኤ እሳቱን ያስነሳውን ሰው ስም እጠራለሁ እያለ ነበር። ለእኔ እንኳ አልነገረኝም። አያ ሙሉሰው ባለበት ነው ያለው፤ ሥራ አስኪያጁም ሰምቷል።»

ሙሉሰው ማለት የደን ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ ስለ ጥብቅ ደን ሲናገር ውሎ የማይደክመው፣ በመንደሩም ብቸኛው ንብ አናቢ። ለዝናሽም ሳትጠይቀው ረጅም ንግግር አደረገላት። ሟችን ከማድነቅ ተነስቶ ራሱን አድንቆ ጨረሰ።

ደግሰው የሞተበት ክፍል ምድጃ የለውም። አልጋው ስር ግን ወለሉ በገል ልክ ክብ ሆኖ ተለብልቧል። ዝናሽ ወደ ጓሮ ዞረች። የኋላው መስኮት በእበትና በአመድ ከውጭ ተለስኗል፤ ከታች ሦስት የጣት ቀዳዳዎች አሉበት፤ የቀዳዳዎቹ ከንፈር በውጭ በኩል ጥላሸት ለብሷል። ብቻዋን ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። ማንም ወደ ጓሮ እንዳያልፍ ፖሊስ አቆመችና ሁሉንም ደጅ ሰበሰበች።

«አያ ሙሉሰው፣ ጭሱ ለቀስተኛውን ሊፈጅ ነው። እጅዎ ያውቅበታል አሉ፤ እስቲ ይቺን የጎን መስኮት ይለስኑልን።»

ሰው እያየው መሥራት የሚወድ ሰው ነው። እበቱን ከአመድ ለወሰና አሳምሮ ለሰነ፤ ሲጨርስም፣ አርባ ዓመት እንደለመደው፣ ከታች ሦስቴ በጣቱ ወጋ።

ዝናሽ ሁሉንም ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው።

«ይሄንን እዩ» አለች። «ጥላሸቱ ያለው በውጭ ነው። ጭሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ወጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ ደግሰውን የገደለው አልጋው ስር በገል የጨሰ ኩበት እንጂ የተራራው ጭስ አይደለም። ጆንያው በደጅ በኩል ስለነበር የዘጋው ውጭ የቀረ ሰው ነው። ገሉን ያወጣው ደግሞ ቀድሞ ብቻውን የገባው ነው። ጥሩአየሁ ብትለስነው ቀዳዳ አትተውም። ሰላማዊት ያዘዘችው ጨርቅ ነው። በዛብህ እበት ነክቶ አያውቅም፤ ሥራም እንደዚያው። ለንብ መግቢያ ቀዳዳ የሚተው ቀፎ መለሰን የለመደ እጅ ብቻ ነው። በጥብቁ ደን ውስጥ ንብ እያጨሱ ማር ሲቆርጡ እሳቱ አመለጠዎት፤ ደግሰው አየዎት።»

ሙሉሰው እበት የነካ እጁን በጋቢው ጠረገ። «እኔ ሰብሳቢው! በጉባኤ ፊት ስሜ ይነሳ?» አለ፤ ከዚህ የከፋ ነገር በዓለም ያለ አይመስለውም።

ዝናሽ እርስዎ ማለቷን እዚያው ላይ ተወች።

«ደረቱ እስኪዘጋ ሲያጠፋ የነበረው ያንተን እሳት ነው» አለችው።

ሲወስዱት በዛብህ ቃለ ጉባኤው ሊሻሻል እንደሚችል ተናገረ፤ የሰማው የለም። ሴቶቹ ሰላማዊትን ከበው ጨርቁ በየስንት ሰዓቱ እንደሚነከር ይጠይቋታል። ጧት ፊታቸውን ያዞሩባት እነዚያው ናቸው። አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ንዴቷ አልወጣላትም፤ የምትለው ብዙ ነበራት።

«ሕፃን ያለው ማን ቤት ነው?» አለችና ቀድማቸው ሄደች።