ዳማው ስክሪኔ ላይ ያነሳት እግር

እኔ በምልኪም ሆነ በሕልም ፍቺ አምኜ አላውቅም፣ ኮምፒውተር ያልታዘዘውን አይሠራም እያልኩ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ለዚህም ነው እንጅባራ ውስጥ ሰው በነገር ሲወጋኝ ደሜ የሚፈላው። እስቲ ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

የሰፈራችን ፈረሰኞች ለዓመታዊው ግልቢያ ተወዳዳሪ ፈረሶችን በትልቅ ስክሪን የሚያሳይ ፕሮግራም እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ገጽ የምንሠራበት ሶፍትዌር እየጎተትን የምናስቀምጣቸው ዝግጁ ቁራጮች፣ ዊጄት የምንላቸው፣ አሉት፣ ግን ቁልፍና ሳጥን እንጂ ፈረስ ከየት ያመጣል፣ ስለዚህ የፈረስ ዊጄት ራሴ ሠርቼ አስገባሁለት። ልብ በሉ፣ የሁሉም ፈረስ ሥዕል አንድ ነው፣ የሚለያየው ቀለሙና ስሙ ብቻ ነው፣ ተንቀሳቀስ የሚል ትእዛዝም ገና አልጻፍኩም ነበር።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የአንጋፋውን ፈረሰኛ የአያ መኮንንን ዳማ ፈረስ ጎትቼ ሳስቀምጠው ግራ የፊት እግሩን አነሳ። ሰርዤ እንደገና አስቀመጥኩት፣ አነሳ። ቀለሙን ብቀይረው ያው! ሌሎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ወዲያው ኮቴ ሰማሁ፣ ሦስቴ ረግጦ ዝም፣ ሦስቴ ረግጦ ዝም፣ የጋሪ ፈረስ ነው ብዬ በመስኮት ባይ አስፋልቱ ላይ ከአንድ ባጃጅ በቀር ምንም የለም፣ መስኮቱን ስዘጋው ደግሞ ኮቴው እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው፣ የኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ ከተበላሸ ቆይቷል፣ እመኑኝ።

አያ መኮንን ሥራዬን ሊያዩ የገቡት ያን ጊዜ ነው። ስድሳን አልፈዋል፣ ግን ሳይጋልቡ የቀሩበት ዓመት የለም፣ ከዚያ ሌላ ደስታም የላቸው።

«ይኸ የኔ ዳማ አይደለም እንዴ? እግሩን ምን ነካው?»

«የፕሮግራም ስህተት ነው አያ፣ ፈረስዎ ደህና ነው።»

«ደህናነቱንማ አሁን በር ላይ አስሬው መግባቴ ነው። ኮቴውስ? አትሰማም?»

እሳቸውም ሰሙት!

«ነገ አልቀመጥበትም» ብለውኝ ወጡ።

በማግስቱ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች እንከን ሠራ፣ ዳማውም ስክሪኑ ላይ እንደ ሌሎቹ ቀጥ ብሎ ቆመ። ግልቢያውን ወንድሜ አሸነፈ፣ ይኸውላችሁ፣ «ወንድሙ እንዲያሸንፍ ሽማግሌውን በሥዕል አስፈራርቶ አስቀራቸው» ተባልኩ። እኔ! ይህ ግፍ አይደለም? ኑና ሥራዬን እዩ ብዬ ለመንኩ፣ ሐሜቱ እንጂ ማየቱ ማንን ያስደስታል!

ዳማው እስከ ዛሬ አንዴም አላነከሰም። አያ መኮንን ግን አልተቀመጡበትም፣ ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው ቤታቸው እስከ ከተማ እየሳቡት በእግራቸው ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ በር ላይ ቆመው፣

«ልጄ፣ እስቲ ያንን ነገር ከፍተህ እየው፣ አሁንስ ልቀመጥበት?» አሉኝ።

ተናደድኩ፣ እኔ ጠንቋይ ነኝ? ይቀመጡ ልላቸው አፌን ከፈትኩ፣ ማል ብትሉኝ እምላለሁ፣ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ጥቂት ጠብቀውኝ ልጓሙን ይዘው በእግራቸው ሄዱ።