ወፍጮው የማይዞርባቸው ቀናት

ጭብጨባው አላባራም። ማርያማዊት ጠመኔዋን እንደያዘች ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆማ ፊቷ በራ። ይብራ እንጂ! በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ዋናው የመብራት መስመር በአቅራቢያቸው ባለችው በቀየት በኩል ሲያልፍ ቀበሌያቸውን ዞር ብሎ እንኳ አላየም። እሷና የሳይንስ ክበብ ጓደኛዋ ወሰኔ ግን፣ ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሆነው፣ የመንደሩን ስልሳ ሁለት ቤት አዳርሰው የመብራት ዕቅድ ሠርተዋል።

«ከፀሐይና ከነፋስ በዓመት የምናገኘው ኃይልና የምንጠቀመው እኩል ይሆናል» ብላ ነበር የጨረሰችው። «ለመብራት፣ ለጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ፣ ለወፍጮውም ይበቃል። አንዲት ጀሪካን ናፍጣ አያስፈልገንም።»

ከደብረ ብርሃን የመጡት የገጠር መብራት ፕሮጀክት ኃላፊ ኢንጂነር እየሩስ ዕቅዱ ላይ ሊፈርሙ እስክሪብቷቸውን አወጡ። ፕሮጀክቱ የሚሰጠው ሃያ አራት ባትሪ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዕድሉ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። የማርያማዊት ስሌት ልክ ሃያ አራት ላይ አርፏል።

ይኼኔ ቄስ ወልደ አማኑኤል ብድግ አሉ።

«ሰው ተሰብስቦ ሳለ ላስታውስ። ነገ አቦ ነው፤ ወፍጮ አይዞርም። የምታስፈጩት ካለ ዛሬውኑ ጨርሱ።»

ለሌላው ተራ ማሳሰቢያ ነበር። ማርያማዊት ግን ክው አለች። የዓመቱን እህል ያካፈለችው ለሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን ነው! አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት... በጣቷ ቆጠረች፤ ቅዳሜና እሑድን ጨመረች። ወፍጮው በወር ቢበዛ አሥራ አምስት ቀን ነው የሚዞረው። ከልጅነቷ ጀምሮ ስታከብረው የኖረችውን በዓል ሒሳብ ስትሠራ ረስታው ቁጭ! ፀሐይ እንደሆነች በዓል አታከብርም፣ በየቀኑ ትወጣለች። በሥራ ቀን ግን ወፍጮው እሷ ከጻፈችው እጥፍ ኃይል ይበላል። ባትሪው ካለቀ ማቀዝቀዣው ይጠፋል፤ የሕፃናቱ ክትባት ይበላሻል።

ለወሰኔ በጆሮው ነገረችው።

«አታካብጂ ባክሽ!» አለ ወሰኔ። «ማን አወቀ? መጀመሪያ ይፈረም።»

አባቷን አየችው። ወዳጆ ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው እሱ ነበር፤ አሁንም አጠገቡ ላለው ሰው «የኔ ልጅ እኮ ናት» እያለ ነው። ይህን የፊቱን ብርሃን ማጥፋት ከበዳት።

«ኢንጂነር፣ አይፈርሙ» አለች። ስህተቷን ምንም ሳትደብቅ ተናገረችና ሃያ አራት የሚለውን ቁጥር በመዳፏ አጠፋችው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ ኢንጂነር እየሩስ።

«ሁለት ሳምንት ይስጡን። ፀሐይ በደንብ ባለችበት ሰዓት ብቻ፣ በየጎጡ ተራ ገብተን ብናስፈጭ ከባትሪው የምንወስደው ይቀንሳል። ስንት እንደሚቀንስ እንደገና እናሰላለን። ካልበቃ ግን... አይበቃም።»

«ዕድላችንን አስመለጠችው!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ኢንጂነር እየሩስ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። «ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ። በዓሉን እኔም አላየሁትም ነበር።»

ወዳጆ ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት አግዳሚ ዞሮ «እስቲ ጠጋ በሉላት» አለ። ጠጋ አሉላትና ተቀመጠች። ማርያማዊት እንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም፤ ደስታው እንባዋን አመጣው። ደብተሯን ከፈተች።

«አባዬ፣ ከኛ ቤት እንጀምር። የምናስፈጨው በየትኛው ቀን ነው?»

ወዳጆ ራሱን አከከ። «እሱን እንኳ... እናትሽን ጠይቂያት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቷ አስካለ ማርያም ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«በበዓል ዋዜማ ነው የምናስፈጨው፤ ሁላችንም በአንድ ቀን። ቤት ለቤት ስትዞሩ የጠየቃችሁት አባወራውን ነው፤ እኛን የጠየቀን የለም።»

ማርያማዊት ከአግዳሚው ተነሣች። ደብተሯን ይዛ ሄዳ ሴቶቹ መካከል ተቀመጠች።