ከዳር የጀመረው

«ከዳር ይጀምራል አለኝ ሐኪሙ።»

«መሃል ሲደርስስ?»

አባቷ ለዚህ የመለሰውን አታስታውስም። አምስት ዓመቷ ነበር፤ በአባቷ ልብስ ስፌት ቤት፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተጋድማ። የሚታያት የሁለቱ እግር ብቻ ነው። የአክስቷ ጫማ ወለሉን መታ መታ ያደርጋል። «ታዲያ ንገራታ» ስትል ሰማች፤ ወይም የሰማች ይመስላታል። «ልጅ አይደለች? ተዪያት፣ ትጫወት» አለ አባቷ።

አሥር ዓመት አለፈ። ቤት ውስጥ ያን ቀን ያነሳ የለም። ድምፁ ግን አልለቀቃትም። ደረጃ ስትወርድ፣ ፊቷን ስትታጠብ ከኋላዋ ይመጣል፦ ከዳር ይጀምራል። ጠዋት ጠዋት እንደነቃች፣ አንገቷን ሳታዞር መስኮቱንና በሩን አንድ ላይ ለማየት ትሞክራለች። ድሮ ሁለቱም ይታዩዋት ነበር። ዘንድሮ በሩ ከዓይኗ ዳር ጠፍቷል።

ለማንም አልተናገረችም። ትምህርት ቤቱ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የድምፅ መጽሐፍ ማጫወቻ መግዣ የገቢ ማሰባሰቢያ ሩጫ ሲያዘጋጅ ግን ከሁሉ ቀድማ ተመዘገበች። ሜዳውን አሥር ጊዜ መዞር ነው፤ ለየዙሩ ጎረቤት ገንዘብ ሊሰጥ ቃል ይገባል። ቅጹ ላይ «ብቻዬን እሮጣለሁ» እና «ከመሪ ጋር እሮጣለሁ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ። የመጀመሪያው ላይ ምልክት አደረገች። የምትሮጠው ለእነሱ ነው፤ እሷ ከእነሱ አይደለችም።

ሐሙስ ልምምድ ላይ፣ በሦስተኛው ዙር፣ መታጠፊያው ጋ ከውሃ በርሜል ጋር ተላተመች።

ወሬ ስለምትወድ «ራዲዮ» የሚሏት ጓደኛዋ ሮጣ ደረሰች። «አንቺ፣ በርሜሉ ምን አደረገሽ? ሼባ ነው፣ ተይው።» ልጆቹ ሳቁ። ራዲዮ ጎንበስ ብላ ደሙን ከቅልጥሟ ላይ እየጠረገች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አላየሽውም አይደል?»

«ፀሐዩ ነው።»

«ደመና ነው እኮ።»

ካልሲዋን ወደ ቁስሉ ሳበች።

«መሪ እሆንሻለሁ» አለች ራዲዮ። «እጅ ለእጅ በጨርቅ ታስረን። እምቢ ካልሽም እምቢ በይ፤ ፀሐዩ ነው ግን አትበይኝ።»

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ አባቷ ስፌት ቤት ሄደች። አባቷ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ቅልጥሟን አየ።

«ምን ሆንሽ?»

«አባዬ፣ ያን ቀን ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ።»

የቱን ቀን ብሎ አልጠየቃትም። እግሩ ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ።

«ጀመረ እንዴ?»

«ከጀመረ ቆየ።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ደጋግሞ ጠረገው። «እኔ እኮ በየማለዳው እግዜርን እየለመንኩ… አፌን ካልከፈትኩ የሚዘገይ መስሎኝ» አለ።

«እኔም።»

ቦርሳዋን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«የሩጫውን ቅጽ ነገ እቀይራለሁ» አለችው። «ከራዲዮ ጋር የምንታሰርበት ስፋልን።»

ጠንካራ ጥብጣብ መርጦ አንድ ስንዝር ለካ።

«አጠረ፤ እጃችንን ማወናጨፍ አለብን።»

እየከበደው አስረዘመው።

«አንተ ደግሞ መታጠፊያው ላይ ትቆማለህ። በደረስን ቁጥር ታወራለህ፤ ዳሩ የት እንደሆነ እንድሰማ።»

«የዚያች ልጅ ወሬ ለአገር ይበቃል፤ እኔ ምን ልጨምር?»

«የእሷን አይደለም የፈለግሁት።»

ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

«ምን ልበል?»

«የመጣልህን። ዝም ብቻ አትበል።»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ» አለ። «አወራለሁ።»