አዎ ይበሉት

አሳንሰሩ በሁለት ፎቆች መካከል ቆመ። ያቆመው አጎት ነው።

«አጎት» የምሥጢር ስሙ ነው። የፎቶ ኮፒ ጠጋኝ ቱታ ለብሷል። ከኪሱ ጥፍር የምታክል ፍላሽ አውጥቶ በባልደረባው በመርፌ መዳፍ ላይ አኖረ። «መርፌ»ም የምሥጢር ስም ነው፤ በጥበቃ ድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ የገባ ሰላይ ነው።

«ዳይሬክተሩ ቢያነበውስ?» አለ አጎት።

«መቼ አንብቦ ያውቃል?»

አሳንሰሩ ተንቀሳቀሰ።

ድርጅቱ ከውጭ ሲያዩት ዘበኛ ያከራያል። ከውስጥ ሰው ያፍናል። የታፈኑት የተደበቁባቸው ቤቶች በአንድ የተቆለፈ ማህደር ውስጥ ሰፍረዋል። ቅጂ የሚወጣው በዳይሬክተሩ ኮምፒውተር ላይ «ቅጂ ይውጣ?» የሚል ጥያቄ መጥቶ «አዎ» ሲባል ብቻ ነው። መርፌ ጥያቄውን ማጥፋት አልቻለም። ብቅ የሚልበትን ጊዜ መምረጥ ግን ይችላል።

ዘዴውን ያገኘው በእትዬ ሰበብ ነው። እትዬ የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ናቸው። አንድ ቀን የሙሉ ቀን ጽሑፋቸውን በስህተት ዘግተው አጠፉትና እያለቀሱ መጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሳቸው ግን የሚለቅሙትም አላገኙ። መርፌ ሆዱ ባባ። ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተሩ መስኮት ሊዘጋ ሲል ፕሮግራሙ «ይዘጋ?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረገ። ብዙም ሳይቆይ ሠራተኛው ሁሉ ሳያነብ «አዎ» ማለት ለመደ። ዳይሬክተሩማ ጣቱ ከጥያቄው ይቀድማል። ማንበብ ያልተዉት እትዬ ብቻ ናቸው።

መርፌ የቅጂውን ጥያቄ ከመዝጊያው ጋር አሰረው። ዳይሬክተሩ ለምሳ ሲወጣ መስኮቱን ይዘጋል፤ «አዎ» ይላል፤ አለቀ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። መርፌ በመስታወቱ ግድግዳ በኩል ይመለከታል። የዳይሬክተሩ ስልክ ጮኸ። ሰውየው ኮቱን አንስቶ ብድግ አለ። በሩ ላይ ዞር ብሎ እትዬን ኮምፒውተሩን እንዲዘጉለት አዘዛቸውና ወጣ።

እትዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

መነጽራቸውን አደረጉ።

መርፌ ክው አለ።

አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ በእጃቸው ጠሩት። ሲገባ ከጠረጴዛው በላይ የተሰቀለችው ካሜራ ቁልቁል ታያለች።

«ልጄ፣ ይኼ ያንተ ጥያቄ አይደለም» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምን ልበለው?»

«አይ» ከተባለ ማህደሩ ስለሚያስጠነቅቅ ዘበኞቹ ወዲያው ያውቃሉ። የታፈኑት ዛሬውኑ ወደማይታወቅ ቦታ ይወሰዳሉ። «አዎ» ከተባለ ደግሞ ካሜራዋ የምታሳየው የእትዬን እጅ ነው። መርፌ ሁለቱንም ያውቃል።

«አዎ ይበሉት፣ እትዬ።»

«አንተ ካልክማ» አሉና ጫኑት።

ቅጂው መርፌ በራሱ ኮምፒውተር ላይ የሰካው ፍላሽ ላይ ገባ።

አጎት በኋላው ደረጃ ይጠብቀው ነበር። መርፌ ፍላሹን በጡጫው እንደጨበጠ ዳይሬክተሩን ማን እንደጠራው ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለ አጎት። «ሰውየው የእኛ ከሆነ ከርሟል። እንዳይጠረጠር የሌላ ሰው ጣት አስፈለገን።»

«አልነገርከኝም።»

«ብነግርህ እሺ ትል ነበር?»

መርፌ ፍላሹን መሬት ጥሎ ሊረግጠው ፈለገ። ግን የብዙ ሰው ነፍስ ያለው እሱ ላይ ነው። ሰጠው።

ከላይ ሩጫ ተሰማ። ዘበኞቹ ማን አዘዘሽ እያሉ ይጮሃሉ። እትዬ ለመዝጋት ብቻ እንደተቀመጡ ይናገራሉ። የመርፌን ስም አልጠሩም። መርፌ በራሱ እያፈረ ደረጃውን ወረደ።

በሳምንቱ በሌላ ከተማ ሳለ አጎት ደወለለት። ቤቶቹ ሁሉ ዘበኞቹ ሳይቀድሙ በዚያው ቀን ተከፍተዋል። የታፈኑት ወጥተዋል። ደስ ብሎት ነበር የሚያወራው።

«እትዬስ?»



«እሳቸው የተወሰዱት ከቅጂው በኋላ ነው። ያሉበት ቤት ቅጂው ውስጥ የለም።»

መርፌ ስልኩን ሰባብሮ ጣለው።

አሁን በሌላ ስም፣ በሌሎች ቢሮዎች እየዞረ ኮምፒውተር ይጠግናል። በቀደም አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ሥራዋ በስህተት እየተዘጋባት መቸገሯን ነግራው፣ ፕሮግራሙ ከመዘጋቱ በፊት ይጠይቃት ዘንድ እንዲያስተካክልላት ለመነችው። መርፌ ድካም ብቻ እንደሆነ፣ ማንም እንደማያነበው አስረዳት።

«እኔ አነባለሁ» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ወደዚያ ቢሮም አልተመለሰም።