እንደገና ይጻፍ

መርሳ ከተማ የመምህርት ነሲባን ቀይ እስክሪብቶ ያልቀመሰ ተማሪ አልነበረም። የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎቿ ነጋዴዎች፣ ገበሬዎችና የልጆች እናቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ በዕድሜ ይበልጧታል። እሷ ግን ለዕድሜ አታደላም። አጭር ልብ ወለድ ታስነብባቸዋለች፤ ስለ ታሪኩ ያሰቡትን ታጽፋቸዋለች፤ ከዚያ «ይህን ከየት አመጣኸው? መስመሩን አሳየኝ!» እያለች ወረቀቱን ደም ታስመስለዋለች።

አንድ ደግነት ነበራት። የቱንም ያህል የወደቀ ጽሑፍ ቢሆን ከግርጌው «እንደገና ይጻፍ» ሳትል አትመልስም። ተማሪው ያችን ካየ ተስፋ እንዳልቆረጠችበት ያውቃል።

ዓሪፍ እነዚያን ሁለት ቃላት የሚሰበስብ ይመስል ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፤ አባቱ ሲሞቱ ያቋረጠውን ትምህርት ሊጨርስ ነው የመጣው። አንዱን ጽሑፍ ሦስቴ አራቴ ጽፎ ያመጣል። ከትምህርት በኋላ ባጃጁን በሩ ላይ ያቆማል፤ ነሲባም ከሌላው ተሳፋሪ ጋር ትገባለች። ቤቷ ከመስጊዱ አጠገብ ነው። ባጃጁ በመስጊዱ ሲያልፍ ግን አትወርድም። እስከ መናኸሪያው ሄዳ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ከወረደ በኋላ፣ በዚያው ባጃጅ ብቻዋን ትመለሳለች። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። እሱ በመስታወቱ ያያታል፤ እሷ ቀና ስትል ዓይኑን ወደ መንገዱ ይመልሳል።

አንድ እሁድ ከመናኸሪያው ሲመለሱ መስጊዱ ጋ ሞተሩን አጠፋ።

«መምህር፣ ከፈተናው በኋላ ሽማግሌ ብልክ አባትሽ እሺ ይሉኛል?»

«አንቺ» ሲላት የመጀመሪያው ነው። ልቧ ድንግጥ አለ። ምላሷ ግን መቼ አርፎ ያውቃል!

«እኔ እንደምፈልግህ በምን አወቅህ? ማስረጃ አለህ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ጽፈህ አምጣዋ!» አለችና እየሳቀች ወረደች።

ቀልዷን ነበር። ዓሪፍ ግን ጻፍ ከተባለ የሚጽፍ ሰው ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ያስነበበቻቸው ታሪክ፣ ከወንዝ ማዶ ለሚኖር ሰው በየቀኑ ምሳ እየላከች አንድም ቀን ስላላነጋገረችው ሴት የሚያወራ ነበር። ጥያቄው «ትወደዋለች ወይስ አትወደውም? በማስረጃ አስረዱ» ይላል። ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። ጽፈው ሲጨርሱ አንዱ በዕጣ ይወጣና መምህርቷ ጮክ ብላ አንብባ ትተቸዋለች። የክፍሉ ወግ ነው፤ እስከዚያ ቀን ማንም አልተቀየመበትም።

ያን ዕለት ሱፐርቫይዘሩ አቶ ደምሴ ከወልድያ መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል። ዕጣውንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። አሥራ ሰባት ቁጥር ወጣ። ነሲባ ቀድማ ሳታየው ማንበብ ጀመረች።

«‹ትወደዋለች። እወደዋለሁ ያለችበት መስመር ግን የለም። የሴት ፍቅር በሥራዋ ነው የሚነበበው። እኔ የማውቃት አንዲት ሴት፣ ቤቷ ከመስጊዱ አጠገብ ሆኖ፣ እስከ መናኸሪያው ሄዳ ትመለሳለች...›»

እዚህ ላይ ማንበቧን አቆመች። ከፊት የተቀመጠችው የማንጎ ነጋዴዋ ቡርቱካን «ያ ረቢ!» አለች። የክፍሉ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ዓሪፍ አዞረ፤ ከዚያ ወደ እሷ መለሰ።

«ይቀጥሉ እንጂ መምህር፤» አሉ አቶ ደምሴ።

ማቆም ትችል ነበር። ራሴን አሞኛል ብትል ማን ይከለክላታል? ግን ፈራች፤ የፈራ ሰው ደግሞ ሲጨክን ለጉድ ነው።

«የዚህ ጽሑፍ ባለቤት ማንበብ አይችልም፤» አለች። «የተሳፋሪን ዝምታ ፍቅር ነው ብሎ ተርጉሞታል። ዝም ያለችው ስለናቀችው ቢሆንስ? መሪ የለመደ እጅ እስክሪብቶ ሲይዝ እንዲህ ነው።»

ክፍሉ አውካካ። ዓሪፍ አንገቱን አልደፋም። እያያት ነበር።

ቡርቱካን አዘነችለት። «እንደገና ይጻፍ ይበሉዋ መምህር!»

«አይጻፍም፤» አለች ነሲባ። «ይኼኛው አይጻፍም።»

አቶ ደምሴ «ለስሜት የማትንበረከክ መምህርት» ብለው ማስታወሻቸው ላይ አሰፈሩላት።

ያን ቀን በሩ ላይ ባጃጅ አልቆመም፤ በማግስቱም አልቆመም። በሳምንቱ ዓሪፍ ባጃጁን ይዞ ወልድያ እንደገባ ቡርቱካን ነገረቻት። ፈተናውንም ሳይፈተን ቀረ። ነሲባ ደወለች፤ አያነሳም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና በምን ትመልሰው! ከመናኸሪያው እስከ መስጊዱ ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ያወቀችው በእግሯ ስትሄደው ነው።

ሁለት ወር ቻለች። በሦስተኛው አራት ገጽ ደብዳቤ ጽፋ ሚኒባስ ተሳፈረች። ወልድያ ላይ ተራ ይዞ አገኘችው። ከስቷል።

«የት ላድርስዎት መምህር?»

«እርስዎ» ማለቱ ከስድብ በላይ ተሰማት።

«ዓሪፍ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ይችን ብቻ አንብብልኝ።»

ደብዳቤውን ተቀበላት። «ማንበብ አይችልም ተብዬ ነበር። እንግዲህ ልሞክር።»

በሳምንቱ ቡርቱካን ከወልድያ ፖስታ ይዛላት መጣች። ነሲባ ቆማ ከፈተችው። የራሷ ደብዳቤ ነው፤ ዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል።

«ያን ቀን ፈርቼ ነው» ካለችበት ሥር፦ «ይህ ሰበብ ነው፤ ማስረጃ አይደለም።»

«አንድም ቀን ንቄህ አላውቅም» ካለችበት ሥር፦ «ከየት መጣ? መስመሩ ይታይ። በሠላሳ ሰው ፊት የተነገረው ተቃራኒውን ይላል።»

«መስጊዱ ጋ የማልወርደው አንተን ለማየት ነበር» ካለችበት ሥር፦ «ይህን ሌላ ሰው አስቀድሞ ጽፎት ነበር። ተሳቀበት።»

አንድም ያለቦታው የዋለ እርማት የለም። ያስተማረችውን ሁሉ ይዞታል።

እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደች። ግርጌውን አየች፤ ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ የአራቱንም ግርጌ አየች። ፖስታውን ገልብጣ አራገፈችው።

«ምን ጠፋብዎ መምህር?» አለች ቡርቱካን።

«ሁለት ቃል፤» አለች ነሲባ፣ ፖስታውን እያራገፈች።